ፊሽካው ከተነፋ በኋላ

ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ
ሜይ 2፣ 2025

ለተከበሩት አጎቴ ለአቶ ሀዚም፣
ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም አጎቴ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔና ልጆቼ አላህ ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ብደውል አንቱ የሚሰሙት ጩኸቴን እንጂ ቃሉን አይደለም። ስለዚህ እንደ ድሮው እጽፋለሁ፤ በስልኳ ስልክላት ልጅዎ ሀሲባ ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ትሰጥዎታለች። እንደዚህ ያለ ልጅ አላህ ያቆይልዎ።

ወሬው የዙሀይር ነው። ልጄ ተመረጠ! እዚህ አገር በየዓመቱ የፉትቦል ቡድኖች ኮሌጅ የጨረሱ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። ዙሀይርን የወሰደው ደግሞ እዚሁ ያለው የከተማችን ቡድን ነው። ስሙ ሲጠራ ሳሎን የነበረው ሰው ሁሉ ሲዘል የታችኛው ቤት ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ ይደበድብ ጀመር። ናዲራ ወንድሟ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ትጮሃለች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው አልኳቸው፤ ግን ፍርሃትም ነበረበት።

የኛ እግር ኳስ እንዳይመስልዎ። ኳሱን በእጅ ነው የሚይዙት። ኳሱን የሚወረውር አንድ ሰው አለ፤ የቡድኑ ነገር ሁሉ በእሱ ነው። እሱን ሊሰብሩት የሚመጡትን የሚያግዱ አምስት ከባድ ሰዎች ፊቱ ይሰለፋሉ፤ «መስመር» ይባላሉ። የኛ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። ኳስ አይነካም፣ ጎል አያገባም። ሥራው ከሰው ጋር መጋጨት ነው። ኮሌጅ እያለ ጣቱ ወደ ኋላ ታጥፎበት ራሱ ጎትቶ መልሶ ወደ ሜዳ ሲገባ አይቻለሁ። እኔ ሆስፒታል የተሰበረ ሰው ሳገላብጥ የምውል ሴት ነኝ፤ የልጄን ግን አልቻልኩትም።

ኮንትራቱን የሚዋዋልለት ወኪል ቤታችን መጥቶ ነገሩን አስረዳን። ቡድኑ መስመሩን እንደ አዲስ እየሠራ ነው። ሁለት ትልልቅ ተጫዋቾች በትልቅ ኮንትራት ከሌላ ቡድን አመጣ፤ የቀረውን ቦታ ከድራፍት በሚያመጣቸው ልጆች በርካሽ ሊሞላ ነው። የዙሀይር ቦታ ላይ አሁን ዴሪክ የሚባል ብዙ ዓመት የተጫወተ ሰው አለ። ኮንትራቱ ዘንድሮ ያልቃል። ወኪሉ ኬክ እየበላ «እሱን ካስለቀቅህ ቦታው ያንተ ነው» አለው። ልጄም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ዱዓ ያድርጉልን። ቃል የገባሁልዎን የጆሮ መስሚያ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እንዳገኘሁ እልካለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ሹክሪያ


ኮምቦልቻ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሹክሪያ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ቤትሽን ከክፉ ዓይን ይሰውርልሽ፤ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ደስታውን ለሰፈሩ ስነግር «የትኛው ክለብ ገባ?» ብለው አፋጠጡኝ። ሰው የሚጋጭበት ክለብ ነው ብዬ ገላገልኳቸው። ሀሲባ በስልኳ ቪዲዮውን አሳየችኝ፤ ድምፁን በደህናው ጆሮዬ ሰማሁት። እኔ አሰብ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ሲጋጭ ያየሁ ሾፌር ነኝ። ይህን የሚያይ ሕዝብ እጁን ያጨበጭባል?

ለመሆኑ ያ ወኪል የምትይው ሰው እናት የለውም? ሰው ቤት ገብቶ ኬክ እየበላ «እገሌን አስለቅቅ» ይላል? ዙሀይርን እንዲህ በይው፦ ቦታውን በጉልበቱ ይውሰድ፣ በተንኮል ግን እንዳይወስድ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። መኪናውን ካቆምኩ ወዲህ ሥራዬ የደም ሽምግልና እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በመስኖ ውሃ ተጣልተው ታናሹ የታላቁን ክንድ በመጥረቢያ ቆርጦት አገኘን። ክንዱ በቆዳ ተንጠልጥሎ ነበር። የመታው ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለ ያለቅሳል። ቁጣ እጅ ውስጥ ከገባ ወንድም አይለይም። ያንቺ ልጅ ደግሞ እጁ ከብዙ ሰው እጅ ይከብዳል።

የመስሚያውን ነገር አደራ። ሚስቴ የምትሰድበኝ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ።

አጎትሽ
ሀዚም


ሪችፊልድ
ኦገስት 9፣ 2025

አጎቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ቤተሰቡ ሁሉ በሰላም ነው? ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። የምጽፈው አጥቼ ሳይሆን የምጽፈውን ፈርቼ ነው።

ቡድኑ የልምምድ ካምፕ ገብቷል። ቤተሰብ ገብቶ ማየት ይችላል ስላሉ ማክሰኞ ዕለት ከናዲራ ጋር ሄድን። ዴሪክን ያገኘሁት ያን ዕለት ነው። እንደ በር የሰፋ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። ራሱ መጥቶ ጨበጠኝ፤ «ልጅሽ ሥራዬን ሊወስድብኝ ነው» ብሎ ሳቀ። ለካ ሁልጊዜ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ዙሀይርን ለብቻው ያስተምረዋል። እጅ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ወገብ እንዴት እንደሚወርድ። ማን የሚተካውን ሰው እንዲህ ያስተምራል? አላህ ይባርክህ አልኩት።

ያን ዕለትም ዴሪክ እንደ ተቃራኒ ቡድን ሆኖ ፊት ለፊቱ ቆመ። ኮቹ ፊሽካ ይዞ በመካከል። መጀመሪያ ዴሪክ ልጄን በጀርባው ዘረረው። ተነሳ፤ ደግሞ ዘረረው። ሰው ሳቀ። የዙሀይር ራስ ቁር ወልቆ ተንከባለለ፣ አፍንጫው ደማ። ደሙን በክንዱ ጠረገና ቁሩን አጥልቆ ተመለሰ። ዓይኑን ሳየው ያቺ በልጅነቱ ወንበር የምትሰብረው ቁጣ መጥታለች። ዙሀይር ተው! ብዬ ጮህኩ፤ ማን ይሰማኛል?

ተጋጩ። ፊሽካው ተነፋ። ዴሪክ ቀና አለ፣ እጁን አወረደ፣ እንዲያውም ሊያርመው አፉን ከፍቶ ነበር። ልጄ ግን አልቆመም። በትከሻው ከሥሩ ገብቶ እስከ መጨረሻው ነዳው። የዴሪክ ጉልበት ወደ ጎን ታጠፈ፤ ወደ ጎን፣ አጎቴ። ድምፁ እኛ ድረስ መጣ። ከዚያ ጩኸቱ። አጥንቱ ከቁምጣው በታች ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ሰው ሲጎዳ እንደሚያደርጉት፣ እዚያ ያለው ተጫዋች ሁሉ ተንበረከከ።

ከዚያ ምን እንዳደረጉ ልንገርዎ? ዴሪክ እዚያው እየጮኸ ልምምዱን ወደሚቀጥለው ሜዳ አዛወሩት። ኮቹ የልጄን ቁር መታ መታ አድርጎ አለፈ። በማግስቱ ዙሀይር በዴሪክ ቦታ ተሰለፈ።

ሐኪሞቹ ዴሪክ ዳግመኛ አይጫወትም ይላሉ። ዘንድሮን በደህና ቢጨርስ ሌላ ቡድን ይወስደው ነበር። የሰው ደም በልጄ እጅ ፈሷል። ምን ላድርግ?

ሹክሪያ


ኮምቦልቻ
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሹክሪያ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ለዚያ ለተጎዳው ሰው አላህ አፊያውን ይመልስለት። ስሙን በዱዓችን ጠርተናል፤ ሰዎቹ «ዴሪክ» ማለት አቅቷቸው እኔ ነኝ ያስተካከልኩላቸው።

አሁን ማልቀሱን ትተሽ ስሚኝ። ደም ከፈሰሰ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፈልጊ። አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ወሎ እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ላንዱ ያላፈረ ለሌላው እንዲያፍር። እነሱን አስቀድመሽ በሩ ላይ ሂጂ። በሩ ላይ ክርክር የለም። «እንዲህ ነበር፣ እንዲያ ነበር» አይባልም። «በድለናል፣ ይቅር በሉን» ብቻ ነው። ቢሰድቡሽ ቻይ። በሩን ቢዘጉት ተመልሰሽ ሂጂ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መልሺልኝ፦ ልጁ ፊሽካውን ሰምቷል ወይስ አልሰማም?

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሳይሰማ ከሆነ እጁ ስቷል፤ እናት ሄዳ ትናገርለታለች። ሰምቶ ከሆነ ግን ማንም አይናገርለትም። ራሱ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይሄዳል፣ በአፉ ያምናል፣ የተጎዳው ሰው እጁን ቢያነሳ በሚደርስበት ቦታ ይቆማል። ያኔ ነው ደም የሚደርቀው።

ስለ መስሚያው አታስቢ። ይህ ይለፍ።

ሀዚም


ሪችፊልድ
ኦገስት 30፣ 2025

አጎቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ አደረግሁና ቤቴን በገዛ እጄ አፈረስኩት።

ሽማግሌ አድርጌ የወሰድኳቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ባህሩዲን ነው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ መስጊዳችን ሰው ሲጣላ የሚጠራው። ሌላው ሲዋርድ የሚባል ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ኃይለማርያም ናቸው። ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነት የወጡ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር በወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ቢሆንም ጋሽ ኃይለማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባህሩዲን ኮፊያውን አድርጎ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የዴሪክ ቤት ደረስን።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። አይታን «ሃይማኖት ለመስበክ ከሆነ አንፈልግም» አለች። እኔ ጎንበስ አልኩና በእንግሊዝኛ «ባልሽን የሰበረው የኔ ልጅ ነው። በድለናል። ይቅር በሉን» አልኳት። ሴትየዋ ደነገጠች። «ሆን ብሎ ነው እያልሽኝ ነው?» አለች። አንቱ ክርክር የለም ብለውኛል፤ እኔም መልሼ «በድለናል» አልኩ። በሁለት እጇ ገፋችኝ። ከደረጃው ወደ ታች ወደቅሁ፤ ክርኔ እስካሁን አብጧል። ባህሩዲን አነሳኝ።

በሩ ላይ ካሜራ ነበረ፣ አጎቴ። እዚህ አገር የሁሉም ሰው በር ያያል። በማግስቱ ዓለም ሁሉ አየኝ፦ «እናቱ ሆን ብሎ ነው አለች» ብለው። ሥራ ቦታ እኔ ስቀመጥ ሰው ከምሳ ጠረጴዛው ይነሳል። የመኪናዬን መስተዋት በድንጋይ አፈራረሱት፤ መቀመጫው ላይ የምግብ ቆሻሻ ደፍተውበታል። ናዲራን ሱቅ ውስጥ አንዱ ሰው ፀጉሯን ይዞ ጎትቷታል።

ዙሀይር መጣ። «ማም፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?»፣ ምን አደረግሽ ማለቱ ነው፣ ብሎ ሲጮህ ግድግዳው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። የኩሽናውን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ወረወረው። ግድግዳውን እስከ ክርኑ በቡጢ በሳው። እኔ የወለድኩት ልጅ ነው፤ ግን ጥግ ይዤ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ያንን ሲያይ ቆመ፣ ወጥቶም ሄደ።

የቡድኑ ጠበቆች የሚፈርምበት ወረቀት አዘጋጅተውለታል። «እናቴ እንግሊዝኛ በደንብ ስለማትችል የተናገረችው ምን ትርጉም እንዳለው አላወቀችም» ይላል። ሃያ አራት ዓመት በዚህ ቋንቋ የሰው ነፍስ ሳድን ኖሬ! ካልፈረመ ኮንትራቱ አደጋ ላይ ነው አሉት። ፈረመ።

እኔ ያጠፋሁት ምንድን ነው?

ሹክሪያ


ኮምቦልቻ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሹክሪያ፣

ሰላም ለአንቺ። በክርንሽ መጎዳት አዝኛለሁ፤ አላህ ይማርሽ። በሴት ልጅ ፀጉር ለተንጠለጠለው ሰው ግን አላህ የእጁን ይስጠው።

ያን ሁሉ ገጽ ጻፍሽልኝ። ስለ በር፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ መስተዋት። የጠየቅሁሽን ግን አልመለስሽም። ፊሽካውን ሰምቷል ወይስ አልሰማም? ሳታውቂ ቀርተሽ ነው ብዬ አላምንም። እንዳታውቂ ፈርተሽ ነው።

ሰምቶ ከሆነ ባልሆነ መንገድ ነው የሄድሽው። እናት ተልካ ልጅ ቤት ከተቀመጠ እርቅ አይደለም፣ መደበቅ ነው። አሁን ደግሞ ያ ፈሪ ልጅሽ የናቱን አፍ በወረቀት ዘግቶ ኳስ ይጫወታል። ይህን ደብዳቤ ቁጭ አድርገሽ አንብቢለት። አማርኛ አይገባኝም ካለ ቃል በቃል አስረጂው። ከዚያም ጠይቂው።

ሀዚም


ሪችፊልድ
ኦክቶበር 4፣ 2025

አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ።

ዙሀይር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በዴሪክ ቦታ ተጫወተ። ጎበዝ ነው አሉ። ጋዜጠኞቹ መስመሩ ተገነባ ብለው ጻፉ። ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ ልብሱን ሊወስድ መጣ፤ አስቀመጥኩትና ደብዳቤዎን አነበብኩለት። «ፈሪ ልጅሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ተነስቶ ሊሄድ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ጠየቅሁት። ልጄ ለኔ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። ያን ቀን ግን በአማርኛ «ሰምቼዋለሁ» አለኝ። «ሰምቼዋለሁ፣ እማ። ሳቁብኝ፤ እኔ እንዲያልቅ አልፈለግሁም።» ከዚያ ያን የሚያህል ሰውነት ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

አውቅ ነበር። ያን ዕለት ሜዳው ላይ ዓይኑን ሳየው ነው ያወቅሁት። ለዚህ ነው ለአንቱ ያልመለስኩት።

ዴሪክ በር ልሄድ ነው ሲላቸው የቡድኑ ሰዎች አትሂድ አሉት። ወኪሉ በስልክ እየጮኸ ነበር። ዙሀይር ስልኩን ዘግቶ የሕንጻችን አበባ መደብ ዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች ትልቁን አነሳና መኪናዬ ውስጥ ጫነው። እነዚያኑ ሁለት ሰዎች ይዘን ሄድን፤ ናዲራም አልቀርም ብላ ተከተለችን። ከመኪናው እስከ ዴሪክ በር ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ አጎንብሶ ሄደ። ጎረቤቶች በመስኮት ያዩ ነበር። በሩ ፊት ተንበረከከ።

ዴሪክ በሁለት ክራንች ወጣ። እግሩ እስከ ታፋው በብረት ተይዟል፤ ከስቶ ሌላ ሰው ሆኗል። ባህሩዲን ለምን እንደመጣን አስረዳው። ዴሪክ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። እስኪያልቅ ሰማው። ከዚያ ልጄን ብቻ እያየ «ፊሽካውን ሰምተህ ነበር?» አለው።

ዙሀይር «አዎ» አለ። «ሰምቼ ነው የመታሁህ።»

«ተነስ» አለው። ተነሳ፤ ድንጋዩ ከማጅራቱ ወርዶ እግራችን ሥር ወደቀ። ጋሽ ኃይለማርያምና ባህሩዲን ሁለቱን ላለመጋረድ ወደ ኋላ አሉ። ልጄ እንዳሉት እጅ በሚደርስበት ቦታ ቆመ። የልጄ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሚመጣበትን እጅ መያዝ ነው፣ በዚያ ነው የተመረጠው። እጆቹን ወደ ጎን አወረደ። ዴሪክ የበሩን መቃን ተደግፎ አንዱን ክራንች በሁለት እጁ አነሳ። ሁላችንም እያየን ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

በፊቱ ላይ አሳረፈው። ልጄ አልወደቀም። ደግሞ አነሳና በጫፉ ወጋው። ሁለተኛው ምት ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ወደቀ፤ ዴሪክም እግሩ ከድቶት በላዩ ወደቀ። ሁለት ተራራ የሚያህሉ ሰዎች በደም ተጨማልቀው በረንዳው ላይ ተዘረሩ። አንዱ «ዓይኔ» ይላል፣ ሌላው «እግሬ» ይላል። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎ። ያን ድንጋይ በዴሪክ ጭንቅላት ላይ ልጥለው አቀፍኩት። ጥፍሬ እስኪነቀል ታገልኩ፤ ከበደኝ። ቢነሳልኝ ኖሮ ገድዬው ነበር፣ ወላሂ ገድዬው ነበር።

ግራ ዓይኑን አጥቷል። ጉንጩ ውስጥ ብረት አስገብተዋል። ለፖሊስ «ወድቄ ነው» አላቸው፤ የበሩ ካሜራ ግን ሁሉንም ይዟል። ዴሪክ ተከሷል፤ ለጊዜው በዋስ ወጥቶ ቤቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ያየሁትን ፍርድ ቤት ቀርቤ እንድናገር ጠርቶኛል። እናገራለሁ፣ አጎቴ። እስር ቤት ገብቶ እንዲበሰብስ እናገራለሁ። ዙሀይር አትሂጂ እያለ በአንድ ዓይኑ ያለቅሳል፤ አልሰማውም።

ቡድኑ የልጄን ኮንትራት አፈረሰ፤ በአንድ ዓይን መስመር ላይ አይቆምም። ከሌላ ቡድን የተሰናበተ አንድ ሰው አስፈረሙ፣ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ከድራፍት ሌላ ልጅ እንመርጣለን ብለዋል። ባለፈው እሁድ ተጫውተው አሸነፉ። ጎረቤቴ መኪናው ላይ ባንዲራ ሰቅሎ ጡሩንባ ሲነፋ ዋለ።

አንቱ ያዘዙትን ሁሉ አድርገናል። ድንጋዩን ተሸከመ፣ በአፉ አመነ፣ እጅ በሚደርስበት ቆመ። ያጎደልነው ምንድን ነው? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

ሹክሪያ


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ ሹክሪያ፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? አላህ ለዙሀይር ዓይን ብርሃን በሌላ መንገድ ይስጠው፤ ላንቺም ልብሽን ያርጋልሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰ ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም። ሰዎች ለሽምግልና መጥተው አልሄድም ብዬ መለስኳቸው። ያጎደላችሁት የለም። ያጎደልኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ እዚህ ማንም ለማንም ስለማይነግረው፣ ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው።

ሹክሪያ፣ እጁን ይይዙታል። ሽማግሌ ወደ ኋላ አይልም። ከተጎጂው ግራና ቀኝ ተጣብቀው ይቆማሉ። እሱ የተጎዳበትን ቁጣ ሁሉ ይዞ እጁን ያነሳል፣ ያስፈራል፣ እናት ትጮሃለች፤ እጁ ሲወርድ እነሱ አየር ላይ ይቀልቡታል። አንዳንዴ ሁለት ሰው አይበቃም። እኔ በወጣትነቴ የያዝኩት እጅ ትከሻዬን አውልቆታል። ያ እጅ ሲያዝ ነው ሰውዬው የሚያለቅሰው፣ የሚታረቀውም ያኔ ነው። ሽማግሌ የሚሄደው ለመናገር ሳይሆን እጅ ለመያዝ ነው። እነዚያ ሁለት ደጋግ ሰዎች ይህን ከየት ያውቃሉ? «እጁ በሚደርስበት ይቁም» ብዬ ጻፍኩ፣ «እጁን ያዙት» ሳልል ቀረሁ። የልጅሽን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

ግን አንድ ነገር ደግሜ እለምንሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ምክሬን ባትቀበዪ አልፈርድብሽም። አሁን በዳዩ ዴሪክ ነው። ደሙ ወደ አንቺ በር መጥቷል። ያ ሰው ሽማግሌ የለውም፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም ያየው እናንተ በሩ ላይ ስትቆሙ ነው። ባህሩዲንና ጋሽ ኃይለማርያም ወደ እሱ ይሂዱ። ከፍርድ ቤቱ ቀን በፊት የእሱ ሽማግሌ ሆነው ሪችፊልድ ይዘውት ይምጡ።

ሲመጣ በሩን አንቺ ክፈቺ። ያን ድንጋይ ሊያነሳ የፈለገው እጅሽ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንሺው፣ አትከልክዪው። ለእነሱ ጽፌላቸዋለሁ፤ ይይዙሻል።

አጎትሽ
ሀዚም